ከመጥረጊያ እስከ አይሮፕላን
የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የሕይወት ታሪክ

የተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ ለመታሰቢያው መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን የሳይንስ ክበብ አባሎች ተሰብስበን ስንመካከር፣ ከመካከላችን አንዱ ስለ አይሮፕላን መካኒኮች ትምህርት እንጻፍ ሲል አሳብ ቢያቀርብ ብዙዎቻችን ሳቅን። የሳቅነው በንቀት አይደለም። አገራችን አዊ የፈረስ አገር ናት፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በጥር 23 ቀን ሲሰለፉ ማየት ለምዶብናል እንጂ፣ ከአይሮፕላን ጋራ ያለን ትውውቅ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደውን አንጋጦ ከማየት ብዙ አያልፍም።

አሳቡን ያቀረበው ጓደኛችን ግን የወፍጮ መካኒክ ልጅ ነው። አባቱ በቆላ ሳለ እንደ አንበሳ ያገሣ የነበረ የናፍጣ ሞተር ወደ እኛ ደጋ መጥቶ በተተከለ ጊዜ ጥቁር ጢስ እያጨሰ ጉልበቱ እንደሚደክም በየጊዜው አይተዋል። ምክንያቱም ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጓደኛችን ይህን ካስረዳን በኋላ፣ የወፍጮ ሞተር ቢደክም ዱቄቱ ይዘገያል፤ የአይሮፕላን ሞተር ቢደክምስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀን። በዚያን ጊዜ ሳቃችን ቆመ፤ መጻሕፍትም መፈለግ ጀመርን።

እውነቱን ለመናገር፣ አይሮፕላን ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞች ጋራ በፋግታ ሰፍረው ሳሉ፣ ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦርድ ዊንጌት የተባለውን የእንግሊዝ መኰንን የያዘች ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አይሮፕላን ከሱዳን ተነሥታ በሰከላ በኩል፣ በዓባይ ምንጭ አገር፣ ተራራ በከበበው ጠባብ ሜዳ ላይ አረፈች። ነጂው ኮሊስ የሚባል ሰው ነበር። የማረፊያውን ሜዳ የደለደሉት በቦታው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አንዲት ብሎን ብትላላ የሚያጠብቃት መካኒክ በአካባቢው ስላልነበረ፣ ሞተሩ አልነሣም ቢል ኖሮ አይሮፕላኗም ነጂዋም እዚያው በቀሩ ነበር። መካኒክ የሌለው አይሮፕላን ለአንድ ጕዞ ብቻ የሚሆን ነገር መሆኑን ከዚህ ተረዳን።

እንግዲህ ለኢትዮጵያ ልጆች ይህን ሙያ ካስተማሩት ቀደምት መምህራን አንዱ ማን ነበር ብለን ስንፈልግ፣ ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን የተባሉትን ጥቁር አሜሪካዊ አገኘን። ታሪካቸውን ባነበብን መጠን እየወደድናቸው ስለ ሄድን፣ ስለ ሙያው ልንጽፍ የተነሣንበት ነገር የእርሳቸው የሕይወት ታሪክ ሆኖ ቀረ። ልጅን አንተ፣ አዋቂን እርስዎ ማለት የአገራችን ልማድ ስለ ሆነ፣ እኛም በልጅነቱ አንተ እያልን ጀምረን፣ ሙያ ሲይዙ እርስዎ እንላቸዋለን።

ጆን ሮቢንሰን በኤውሮፓ አቈጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፍሎሪዳ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ካራቤል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት፣ እናቱ ልጆቿን ይዛ ሚሲሲፒ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ጋልፍፖርት ከተማ ሄደች፤ በዚያም ሌላ ባል አገባች። እንጀራ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበረ፣ ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ በመፍቻና በዘይት መካከል አደገ። በሰባት ዓመቱ ገደማ በባሕሩ ዳር አንድ አይሮፕላን ሲበር አይቶ ልቡ በዚያው እንደ ተነጠቀ ይተረካል። ይህ ዓይነት ወሬ ስለ አይሮፕላን ሰዎች ሁሉ የሚነገር ስለ ሆነ ብዙ አንመካበትም፤ ነገር ግን ልጁ ያየውን ነገር ለመሥራት የቈረጠ መሆኑን የኋላው ሥራው ያስረዳል።

በዚያ ዘመን በደቡባዊ አሜሪካ የጥቁርና የነጭ ተማሪ ቤት የተለያየ ነበር። ጥቁሮች ከፍ ያለ የእጅ ሥራ ትምህርት ከሚያገኙባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ቡከር ዋሽንግቶን በ1881 በኤውሮፓ አቈጣጠር ያቋቋሙት የተስኪጊ ተማሪ ቤት ነበር። ወጣቱ ጆን ወደዚያ ሄዶ የአውቶሞቢል ሞተር ጥገና ተማረ፤ በ1924ም ጨርሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ በዲትሮይት በመካኒክነት ሠርቶ፣ ኋላም በሺካጎ ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ ጣፋጩ ክፍል ስለ ሆነ፣ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በሺካጎ ከርቲስ ራይት የሚባል የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ነበር። ወጣቱ መካኒክ ልግባ ብሎ ጠየቀ፤ ጥቁር ስለ ሆነ አልተቀበሉትም። ዳግመኛ ቢጠይቅም መልሱ ያው ነበር። እርሱ ግን ተስፋ ቈርጦ በመሄድ ፈንታ፣ በዚያው ትምህርት ቤት የወለል ጠራጊነት ሥራ ያዘ። መምህሩ ሲያስተምር መጥረጊያውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ እየቆየ ያዳምጥ ነበር፤ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላም በሰሌዳው ላይ የቀረውን ሥዕልና ቍጥር በወረቀት ይገለብጥ ነበር። የገለበጠውንም ለራሱ ብቻ አላስቀረም። ኮርኔሊየስ ኮፊ ከሚባለው የመካኒክ ጓደኛውና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋራ የጥናት ማኅበር አቋቁሞ፣ በሳምንቱ የሰማውን ያስተምራቸው ነበር። ሳይማር መምህር ሆነ ማለት ነው።

ማኅበርተኞቹም ገንዘብ አዋጥተው ሂዝ ፓራሶል የምትባል፣ ክፍሎቿ ተነጣጥለው የሚሸጡ ትንሽ አይሮፕላን ገዙ፤ ለእርሷም የሄንደርሰን ሞተር ብስክሌት ሞተር ገጠሙላት። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ መጥቶ አያት። መምህሩ ሥራቸውን ባየ ጊዜ ተደንቆ እንዲገቡ እንደ ረዳቸው አንዳንዶች ይተርካሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለቱ ጓደኞች ይሠሩበት የነበረው የመኪና ነጋዴ ትምህርት ቤቱን በፍርድ ቤት እከሳለሁ ብሎ ስላስፈራራ ነው ይላሉ። እኛ ስንመረምረው ሁለቱ ወሬዎች አይጣሉም፤ ሥራው ችሎታቸውን አሳየ፣ ክሱም በሩን አስከፈተ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በዚህም ሆነ በዚያ፣ ሮቢንሰንና ኮፊ ገብተው ተምረው በ1931 በኤውሮፓ አቈጣጠር የአይሮፕላን መካኒክነት ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ቀድሞ የከለከላቸው ትምህርት ቤትም ኋላ ጥቁር ተማሪዎችን ሰብስበው እንዲያስተምሩለት ጠየቃቸው።

ከዚህ በኋላ እርስዎ ልንላቸው ይገባል።

ሮቢንሰን ቻሌንጀር የሚባል የጥቁር አይሮፕላን ነጂዎች ማኅበር መሪ ሆኑ። ነገር ግን ጥቁር ነጂዎች በከተማው የአይሮፕላን ሜዳዎች እንደ ልባቸው ማረፍ አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ ሮቢንስ በምትባለው የጥቁሮች መንደር መሬት አግኝተው፣ ዛፉን ነቅለው ድንጋዩን ለቅመው የራሳቸውን ሜዳ አበጁ፤ የአይሮፕላን ማደሪያ ቤትም ሠሩ። ጃኔት ሃርመን የምትባል አስታማሚ ከደመወዟ አጠራቅማ ለማኅበሩ አይሮፕላን ገዛች። በ1933 ኀይለኛ ነፋስ ተነሥቶ ቤቱን ከነአይሮፕላኖቹ አፈረሰው። እነርሱ ግን የተሰበረውን ጠግነው ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወሩ፤ ትምህርቱንም ቀጠሉ። በሚቀጥለውም ዓመት ሮቢንሰን ወደ ቀድሞው ተማሪ ቤታቸው ወደ ተስኪጊ በርረው ሄደው፣ ለጥቁር ልጆች የአየር ትምህርት እንዲከፈት አሳሰቡ። ለጊዜው አልሆነም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ትምህርቱ ተከፍቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የተጠራው የተስኪጊ አየር ወታደሮች የወጡት ከዚያ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ጥቂት ቈይቶም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ለመብረር በቁ። ነገር ግን አይሮፕላኖቹ ጥቂቶች፣ ዓይነታቸውም ልዩ ልዩ ነበር፦ አንዱ ከፈረንሳይ፣ አንዱ ከጀርመን፣ አንዱ ከሌላ አገር። ይህ ለመካኒክ ምን ማለት እንደ ሆነ የጓደኛችን አባት ወዲያው ገባቸው። በአንድ መንደር አምስት ወፍጮ ቢኖርና አምስቱም የተለያየ ሞተር ቢኖራቸው፣ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ መፍቻ የሌላውን ብሎን አይጨብጥም፤ አንዱን የተማረ ሰውም ለሌላው እንደ አዲስ ተማሪ ነው።

ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በዋሽንግቶን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ስለ ሮቢንሰን ሰምተው ነበርና ለኢትዮጵያ እንዲያገለግሉ ጠየቋቸው። ሮቢንሰን በሺካጎ ሥራና ማኅበር፣ ወዳጅና ስም ነበራቸው። ወደ ውጭ አገር ጦር መግባትም በአገራቸው ሕግ የሚያስጠይቅ ስለ ነበር፣ የሄዱበትን ምክንያት በግልጽ አላወሩም። በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ በነሐሴም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው በአየር ኀይሉ ላይ ሾሟቸው። ከእርሳቸው በፊት ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ነጂ፣ ሑበርት ጁልያን፣ በ1930 በኤውሮፓ አቈጣጠር የንጉሡን አይሮፕላን ሰብሮ ስለ ነበር፣ አዲሱን እንግዳ በጥርጣሬ ያየ ሰው ቢኖር አያስደንቅም። ሁለቱ ሰዎች በአዲስ አበባ ተገናኝተው እስከ መደባደብ ደረሱ። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ደስ ባይለንም፣ የሰውን ታሪክ ስንጽፍ የሚያምረውን ብቻ መርጠን ብናስቀር ውሸት ይሆንብናል።

ኮሎኔሉ ያገኙት አየር ኀይል ከ20 የማይበልጡ አይሮፕላኖች ነበሩት፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ መሣሪያ የሌላቸውና አሮጌዎች ነበሩ። ኢጣልያ ግን በመቶ የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች አሰልፋ ነበር። ስለዚህ የኮሎኔሉ ሥራ መዋጋት ሳይሆን ማብረርና ማስተማር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠገን ሆነ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አይሮፕላን ለመነሣት በባሕር ዳርቻ ከሚሮጠው እጅግ የሚበልጥ መንገድ መሮጥ አለበት፤ ጭነቱም መቀነስ አለበት፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚንም ለስሱ አየር እንዲስማማ መለካት አለበት። ይህን ያላወቀ ነጂ፣ በሌላ አገር የቱንም ያህል የተደነቀ ቢሆን፣ ከሜዳው ጫፍ ካለው ዛፍ ጋራ ይገናኛል።

በዚያው ዘመን የጀርመኑ ሉድቪግ ቬበር በአቃቂ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆኖ ኢትዮጵያ 1 የምትባል፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ የተባለች ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበር። ጠላት ወደ ኢጣልያ ወስዶ በቤተ መዘክር አስቀመጣት፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቈይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። ይህን ሁሉ ያልን፣ ያ ዘመን ከውጭ የመጣውን ብቻ የመቀበያ ዘመን እንዳልነበረ አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አይሮፕላኖች ዐድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ኮሎኔል ሮቢንሰን በዚያ ነበሩ፤ የሆነውንም አይተው ወደ አዲስ አበባ በርረው ለንጉሠ ነገሥቱ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት መልእክትና መድኀኒት፣ አንዳንድ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን ይዘው፣ ጠላት በሞላው ሰማይ ላይ ተመላለሱ። ቈሰሉ፤ የመርዝ ጢስም ነካቸው። የዓይን ምስክሮች ከጻፉት እንደምንረዳው መሣሪያ የሌለው አይሮፕላን ጋሻው ደመናና የሸለቆ ጥላ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ከማይጨው ጦርነት በኋላ ነገሩ ሁሉ ስለ ተበላሸ ኮሎኔሉ ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በግንቦት ወርም ኒው ዮርክ ደረሱ። በሺካጎ ሕዝቡ በብዙ ሺሕ ሆኖ በእልልታ ተቀበላቸው። ጋዜጦችም ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም ሰጧቸው። ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች የሚኖር ትልቅ አሞራ ነው።

እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሰው ሌላ ቢሆን ኖሮ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ንግግር በማድረግ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችል ነበር ብለን እናስባለን። እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት በስማቸው የአየርና የአውቶሞቢል ትምህርት ቤት በሺካጎ ከፈቱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣም ጊዜ ለአሜሪካ አየር ኀይል መካኒኮችን አስተማሩ። አስተውሉ፤ ሰውየው በየደረሱበት ሁሉ የሚከፍቱት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ክፍልና ሰሌዳ ነው። የመጥረጊያው ዘመን ከልባቸው አልወጣም ነበር።

ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋራ ዳግመኛ መጡ። በዚህ ጊዜ የመጡት ለጦርነት ሳይሆን ለማስተማር ነበር። ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመርጠው የበረራና የጥገና ትምህርት ጀመሩ። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ፣ ተማሪዎቹ የሚያስቡት በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራቸው ቋንቋ ነበር፤ ይህን ችግር እኛ ፊዚክስ የምንማር ተማሪዎች ዛሬም ስለምናውቀው ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም።

ስለ አይሮፕላን መካኒክ ትምህርት ያነበብነውን በአጭሩ እንንገር። የወፍጮ ወይም የመኪና መካኒክ ሞተሩ ሲበላሽ ይጠራል፤ የአይሮፕላን መካኒክ ግን ዋና ሥራው ሳይበላሽ ማየት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰዓት እንደ በረረ ይመዘገባል፤ ሰዓቱ ሲሞላ፣ ደኅና ቢመስልም፣ ይፈታል፤ ይመረመራል፤ ይለወጣል። ብሎኑ የሚጠብቀው በክንድ ግምት ሳይሆን በሚለካ መፍቻ ነው፤ ከላላ ይወድቃል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ይሰነጠቃል። በመጨረሻ መካኒኩ በመዝገቡ ላይ ስሙን ይፈርማል። ፊርማው ለማያውቃቸው ሰዎች ሕይወት ዋስ መሆን ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት አይሮፕላን የተማረ ሰው፣ ሌላ ዓይነት በመጣ ቍጥር እንደገና ክፍል ገብቶ እስኪማርና እስኪፈተን ድረስ ለአዲሱ መፈረም አይፈቀድለትም፤ ጠጕሩ ቢሸብትም እንኳ።

ወደ ኮሎኔሉ እንመለስ። በ1938 ዓ.ም. ብዙ ነገር ተለወጠ። ታኅሣሥ 12 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካው ቲ. ደብልዩ. ኤ. ርዳታ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያው ጕዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። የጦሩ አየር ኀይል ሥልጠና ደግሞ ከስዊድን ለመጡት ለካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተሰጠ። ፎን ሮዘንም ለኢትዮጵያ አዲስ ሰው አልነበሩም፤ በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀልን አይሮፕላን ይዘው ቍስለኞችን አመላልሰዋል፤ የሞቱትም በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በጎዴ፣ ለኢትዮጵያ ሲያገለግሉ ነው። ሁለቱም ለአገራችን ነፍሳቸውን ያልሳሱ ሰዎች ሳሉ አልተስማሙም። በ1939 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጠብ ተነሥቶ ኮሎኔል ሮቢንሰን እስከ መታሰር ደረሱ፤ ቈይተውም ከሥራው ለቀቁ።

በዚህ ነገር ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን፣ በባዶ ሜዳ የጀመሩትን ሰው ትቶ ለመጣ እንግዳ መስጠት ውለታ መርሳት ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ስዊድኖቹ አዳዲስ አይሮፕላኖችና የተሟላ ትምህርት ቤት ይዘው ስለ መጡ አገሪቱ ምን ታድርግ አልን። እስከ ማምሻ ተከራክረን አልተስማማንም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማማን፦ ኮሎኔሉ ከተከፉ በኋላ ወደ ሺካጎ ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም። በአዲስ አበባ ተቀምጠው መኖርን መረጡ።

መጋቢት 5 ቀን 1946 ዓ.ም. ኮሎኔሉ በአንዲት ትንሽ አይሮፕላን አንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ይዘው ሲበሩ አይሮፕላኗ በአዲስ አበባ ወድቃ ተቃጠለች። ለታመመ ሰው የሚሰጥ ደም ለማድረስ እንደ ነበር ይተረካል። መሐንዲሱ ሞቱ። ኮሎኔሉ ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ከተኙ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ። ኢጣልያን በሰማይ ላይ የተዋጉት ሰው የመጨረሻ የጕዞ ጓደኛቸው ኢጣልያዊ መሆኑ ከመካከላችን ብዙዎችን አሳዝኗል፤ አስገርሟልም። የተቀበሩት በዚያው በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ መካነ መቃብር ነው። መቃብራቸው ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ነበር፤ በቅርብ ዘመን ተፈልጎ ተገኝቶ መታሰቢያ ተደረገለት።

ትምህርቱ ግን ቀጥሎ ነበር። አየር መንገዱ በ1963 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔን፣ አገኘ። መካኒኮቹም በፒስተን ሞተር ከሚሠራው ዲ. ሲ. 3 ተነሥተው፣ በ1955 ዓ.ም. የጄት አይሮፕላን ሲገባ እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ሲመጣ እንደገና፤ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ አካሉ በአብዛኛው ከብረት ያልተሠራው ቦይንግ 787 ሲመጣም እንደገና። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትወነጨፍም፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አስቀድመው በሥራው ገብተው ተምረዋል። አሳቡን ያቀረበልን ጓደኛችን የአቪዬሽን ትምህርት ለመግባት የሚጠየቀውን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፎ ይዟል፤ ሒሳቡ እንዳያንሰው ይፈራል፤ በየማታው ከሁለታችን ጋራ ያጠናል።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስን በኋላ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደን ለአባቱ አነበብንላቸው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ዱቄቱን ከፊታቸው ጠርገው፣ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙን። ስንጨርስ ስለ ጦርነቱም ስለ ሞቱም አልጠየቁንም። የጠየቁን፣ እነዚያ ልጆች በሞተር ብስክሌት ሞተር የሠሯት የመጀመሪያዋ አይሮፕላን ስንት የፈረስ ጉልበት ነበራት ብለው ነው። ወደ 27 ገደማ መሆኑን ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ በጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ከሚሰለፈው ከአንዱ ቤት ፈረስ እንኳ ያነሰ መሆኑን ነገሩንና ተነሥተው ሞተሩን አስነሡ።